የሰርቨር ሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ጠፋብን፣ ዳታው ሳይነካ ይከፈታል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ ቱሉ ዲምቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፣ ሴንትኦኤስ 7 (የሊኑክስ ሲስተም) ነው የተጫነበት፣ የጫነው ልጅ ስራ ለቆ ስልኩም አይሰራም፣ ሩት ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ፎርማት አድርገው እያለኝ ነው እኔ ግን የእቃው ዳታቤዝ እዛው ላይ ስለሆነ ፈራሁ። እስኪ መላ በሉኝ

መልስ 1፦ ኧረ እንዳታደርገው! ስክሪንና ኪቦርድ ሰክተህ ሪስታርት አድርግ፣ የግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሜኑ ሲመጣ የኢ ፊደልን ተጫን፣ ሊኑክስ16 ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ "አርዲ ነጥብ ብሬክ" ጨምርና ኮንትሮል ኤክስ። ከዛ ሲስሩት የሚለውን (የሰርቨሩ ሲስተም ያለበትን ፎልደር) በሪድ ራይት፣ ማለትም መጻፍ እንዲቻል፣ ሪማውንት አድርገህ በችሩት ኮማንድ ወደ ውስጡ ትገባና በፓስደብሊውዲ ኮማንድ አዲስ ፓስወርድ ትሰጠዋለህ፣ በቃ

መልስ 2፦ በቃ አይባልም ወንድሜ፣ ዋናውን ዘለልከው። ከመውጣቱ በፊት በተች ኮማንድ "ነጥብ አውቶሪሌብል" የሚባል ባዶ ፋይል ሩት ዳይሬክተሪው (ከሁሉም በላይ ያለው ዋናው ፎልደር) ላይ ይፍጠር፣ አለዚያ ኤስኢሊኑክስ (የሊኑክሱ የጥበቃ ሲስተም) ካልጠፋ በስተቀር በአዲሱ ፓስወርድም ላያስገባው ይችላል። ሲነሳ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሌብል ስለሚያደርግ (የጥበቃ መለያ ስለሚሰጥ) ይቆያል፣ ሃንግ አደረገ ብለህ እንዳታጠፋው፣ የሰፈሩን መብራት ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ ዩፒኤስ ላይ ይሁን

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ግን ይሄ እንዲህ ቀላል ከሆነ ማንም ገብቶ ሊቀይረው ነዋ?

መልስ 2፦ አዎ፣ ማሽኑ አጠገብ የቆመ ሁሉ ይችላል። ለግሩብም ፓስወርድ አድርግለት፣ ክፍሉንም ቆልፉት። ዲስኩ በላክስ (የሊኑክስ የዲስክ መቆለፊያ) ኢንክሪፕት ከተደረገ ግን የዲስኩ ፓስወርድ ከሌለህ ይሄ ዘዴ አይሰራም