ክርክር፦ ለንደንን መልቀቅ ካልቀረ፣ መንደር ይሻላል ወይስ የባቡር ከተማ?

ሰላም ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በየቤታችን የምንጨቃጨቅበትን ነገር እዚህ ላውጣው። ለንደን ውስጥ የቤት ኪራይ የሚቀመስ አልሆነም። ልጅ የወለደ ሁሉ ዓይኑ ከከተማው ውጭ ነው። ከወጣን አይቀር የት እንግባ? እንደ ስቲቭኔጅ፣ ሉተን ወይም ሬዲንግ ያለ የባቡር ከተማ? ወይስ ጣቢያ ያላት ትንሽ መንደር?

እኔ የምከራከረው ለመንደር ነው። በቅርቡ ከባለቤቴ ጋር ኔብዎርዝን ዞረን አየናት። ለንደን ካለው ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ወደ ካምብሪጅ በሚሄደው መስመር ላይ፣ ከስቲቭኔጅ አንድ ጣቢያ ቀድማ ያለች መንደር ናት። ከባቡር ወርዳችሁ ትንሽ ስትራመዱ ሱቆቹ ጋ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ልጄ ብስክሌቱን ይዞ ብቻውን የሚወጣበት ሰፈር እፈልጋለሁ። እኛስ ሀገር ቤት እንደዚያ አይደል ያደግነው? ለንደን ውስጥ እስከ በሩ ድረስ እንኳ ያለ እኔ አይሄድም። ተቃዋሚ ካለ ይምጣ።

የሌሊት ፈረቃ፦
እህቴ፣ ስለ ልጁ ያልሽው ልክ ነው። ግን "ለንደን በ35 ደቂቃ" የሚለው የቤት ማስታወቂያ የተጻፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮ ለሚገባ ሰው ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው እንደዚያ የሚሠራው? ሆስፒታል ነን። ኬር ሆም፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ነን። አውቶቡስ እንነዳለን፣ ጽዳት እንሠራለን፣ ኤርፖርት እንገባለን።

እኔ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ የቀን ሺፍት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። የማታው ሲያልቅም እንዲሁ በሰዓቱ አይለቁሽም፤ ርክክቡ ይጎተታል። ልብስ ቀይሬ፣ አውቶቡስ ይዤ፣ ዋናው ጣቢያ ስደርስ ሰሌዳውን አያለሁ። ትልቅ ከተማ ላይ የምኖር ከሆነ አንዱ ቢያመልጠኝ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጣቢያ ላይ ግን በሰዓት የሚቆመው አንድ ወይም ሁለት ባቡር ነው። በአንዲት ደቂቃ ካመለጠሽ ብርድ ላይ ተገትረሽ ትቀሪያለሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለዋለ እግር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የባቡሩን ደቂቃ ተዪው። ከቤትሽ ደጅ እስከ ሥራሽ ደጅ ቁጠሪ። ለአንቺም፣ ለባለቤትሽም፣ ለልጁም። እሁድንም አትርሺ። ሐዲድ የሚጠገነው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ባቡሩ ቀርቶ አውቶቡስ ይተካል። ሕፃን አቅፈሽ፣ ነጠላ ለብሰሽ፣ ቅዳሴ ለመድረስ በምትክ አውቶቡስ ተጓዢና ንገሪኝ።

ሐዲድ፦
ባቡር ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ሰሜን የሚወጣው መስመር በዚህ አካባቢ በአብዛኛው ባለ አራት ሐዲድ ነው። ዌልዊን ጋ ሲደርስ ግን ወደ ሁለት ይጠባል። እዚያ ዲግስዌል የሚባል ትልቅ ድልድይ አለ። በ1850 ነው የተከፈተው፤ 40 ቅስት አለው። የዌልዊን ኖርዝ ጣቢያ ያለው እዚሁ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። እዚያ አንድ ባቡር ሲቆም ከኋላው ወደ ሊድስና ወደ ኤዲንብራ የሚበሩት ይያዛሉ። ስለዚህ "ወደፊት ብዙ ባቡር ይቆምላችኋል" የሚል ደላላ ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ሐዲዱ ቦታ የለውም።

ኔብዎርዝ ከዚያ አልፋ ነው፤ እዚያ ሐዲዱ ተመልሶ አራት ይሆናል። ግን የሚቆምላት ባቡርም በዚያው ማነቆ ነው የሚያልፈው። መንደር ስትመርጡ የጣቢያዋን ስም ብቻ አትዩ፤ ጣቢያዋ ምን ዓይነት መስመር ላይ እንዳለች ጠይቁ።

ስለ ቲኬትም ልንገራችሁ። የዓመት ሲዝን ቲኬት ዋጋው የሳምንቱ 40 እጥፍ ነው። በየቀኑ ለሚሄድ ያዋጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቢሮ ለሚገባ ከ2021 ጀምሮ ፍሌክሲ የሚባል አለ፤ በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን ያስኬዳል። ሺፍታችሁ የሚቀያየር ከሆነ ሁለቱንም አስሉ። ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ያለውን ኬንትን የምታስቡም፣ ከአሽፎርድ ለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ድረስ ፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሆኖም ከተራው ባቡር ይወደዳል።

የቶተንሃም ልጅ፦
ለምንድን ነው ሁላችሁም መውጣትን እንደ ግዴታ የተቀበላችሁት? እኔ እዚህ ነው ያደግኩት። እናቴ ጽዳት እየሠራች ነው ሦስታችንን ያሳደገችን። የቻለችው ለንደን ስለሆነች ነው። እዚህ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳል። ትምህርት ላይ ያሉ 16 እና 17 ዓመት የሞላቸውም እንደዚሁ። ወላጅ 60 ሲሞላው የራሱ ነፃ ካርድ ያገኛል። ከለንደን ድንበር ስትወጡ ይሄ ሁሉ ይቀራል።

ትንሽ ልጅ ሜዳ ይወዳል፣ እሺ። 14 ዓመት ሲሞላውስ? ኳስ ለመጫወት፣ ጓደኛ ቤት ለመሄድ፣ የአማርኛ ትምህርት ለመማር በአባቱ መኪና ካልሆነ የትም አይደርስም። የሚያስፈልገን ለንደን ውስጥ የካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጠው ቤት ነው። ለእሱ እንጩህ። አንድ በአንድ ከወጣን ማን ይጮሃል?

የኬንት እናት፦
የቶተንሃም ወንድሜ፣ ስለ አውቶቡሱ ልክ ነህ። እኛ የምንኖረው ኬንት ውስጥ፣ ገበሬ የከበባት መንደር ነው። መኪና ሁለት ያስፈልጋል። የጋዝ መስመር ስለሌለ ቤት የሚሞቀው በዘይት ነው፤ ክረምት ሳይገባ ታንኩን ታስሞላለህ። ይሄን ማንም አይነግርህም፤ ቤቱን ስታይ "ማሞቂያው በምንድን ነው?" ብለህ ጠይቅ።

ግን የመጣሁበትን አልጸጸትም። ባለቤቴ ታሞ የተኛ ጊዜ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሰችልኝ ጎረቤቴ ናት። ሾርባ ሠርታ በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ትሄድ ነበር። ለንደን ውስጥ ስኖር ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሰው ስም አላውቅም ነበር። በአንጻሩ ልጄ ክፍሉ ውስጥ ጥቁር እሱ ብቻ ነው። ይሄ ይሰማዋል፣ እኔም ይሰማኛል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤተ ክርስቲያን የምንወስዳቸው ለዚህ ጭምር ነው።

ኬንት ለምታስቡ፣ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በፈተና የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ፈተናው ስድስተኛ ዓመት እንደተጀመረ መስከረም ላይ ነው። ምዝገባው ግን ከዚያ በፊት በበጋው ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ተዛውራችሁ ብትመጡ ያ ዕድል አልፏችኋል።

የሞርጌጅ ባለሙያ፦
ሥራዬ ስለሆነ በአጭሩ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው እስከ 300 ሺህ ፓውንድ የቤት ግዢ ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 500 ሺህ ባለው ላይ 5 በመቶ ነው። የ400 ሺህ ቤት ከገዛችሁ 5 ሺህ ትከፍላላችሁ። ከ500 ሺህ ካለፈ ቅናሹ ጭራሽ ይቀራል። ሰው ከለንደን የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ እዚህ የልጆች ክፍል ያለው ቤት በዚያ ዋጋ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛው የእቁብ ነገር ነው። ብዙ ሰው ዲፖዚቱን፣ ቅድሚያ ክፍያውን፣ የሚሞላው በእቁብ ነው። ጥሩ ነው። ግን ጠበቃውም ባንኩም "ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?" ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ሺህ ፓውንድ በአንድ ቀን በጥሬው ከገባ ነገር ይቆማል። በየወሩ የከፈላችሁት በባንክ ይተላለፍ። የአባላቱን ዝርዝርና የደረሳችሁን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። የቤት ብድሩ ጸድቆላቸው በዚህ ምክንያት የተንገላቱ ሰዎች አይቻለሁ።

ከሃርሎ፦
እዚህ የተጻፈው ሁሉ ስለሚመርጥ ሰው ነው። እኔ አልመረጥኩም። ቤት አጥተን ካውንስል ስንሄድ የተሰጠን አማራጭ ከለንደን ውጭ ነበር። ከ2013 ጀምሮ የቢሮ ሕንፃን ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ ወደ መኖሪያ መቀየር ተፈቅዷል። ሃርሎ ውስጥ በዚህ መንገድ የተቀየሩ ሕንፃዎች አሉ። ከለንደን የተላኩ ቤተሰቦች ገቡባቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር። አልጋው ላይ ነው የሚበላው፣ አልጋው ላይ ነው የቤት ሥራ የሚሠራው። ሥራዬ ለንደን ነበር፤ ደሞዜን ባቡር በላው። ስለ ሜዳና ስለ መንደር ስታወሩ እኛንም አስቡን።

የስቲቭኔጅ ነዋሪ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። የሃርሎዋ እህት፣ እግዚአብሔር ያውጣሽ። ያንቺ ነገር የጉዳዩ ሥር ነው።

እኔ ስቲቭኔጅ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ይህች ከተማ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946 በወጣው የአዲስ ከተሞች ሕግ መጀመሪያ የተመረጠች ናት። ሃርሎም፣ ክሮውሊም፣ ባዚልደንም በዚያው ሕግ የመጡ ናቸው። ለንደን በቦምብ ፈርሳ፣ ሰው ተጨናንቆ ሲኖር መንግሥት መሬት ገዛ። የሚከራይ ቤት ሠራ። ፋብሪካና ትምህርት ቤትም አብሮ ሠራ። መሀል ገበያዋ ገና ሲሠራ መኪና እንዳይገባበት ተደርጎ ነው፤ ንግሥቲቱ በ1959 ናቸው መርቀው የከፈቱት። የብስክሌት መንገዱ ከመኪናው ተለይቶ በሥር ያልፋል። ሰላም ፈላጊ፣ ለልጅሽ ያሰብሽው መንገድ እዚህ አለ።

አሁን ግን እንደዚያ አይሠራም። ለምን? በለንደን ዙሪያ ቤት እንዳይሠራበት የተከለለ፣ ግሪን ቤልት የሚሉት መሬት አለ። ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ከራሷ ከለንደን ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሲከለከል ዓላማው ከተማው እንዳይንሰራፋ፣ ከተሞች እንዳይጋጠሙ ነው። መልካም ዓላማ ነው። ሆኖም ባቡር የሚቆምባቸው ጣቢያዎች አጠገብ ሳይቀር ባዶ መሬት ታጥሮ፣ እናት ከልጆቿ ጋር ቢሮ ውስጥ ትተኛለች። ይሄ ልክ አይደለም።

ሰላም ፈላጊ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ከተደረገ መንደሯ መንደር ትሆናለች? ጣቢያው ዙሪያ ሁለት ሺህ ቤት ከተተከለ እኔ የፈለግኩት ነገር የለም። ትምህርት ቤቷ አንድ ናት። የሐኪሙ ቀጠሮ አሁንም ይቆያል ይላሉ። ባቡሩ ደግሞ ሐዲድ እንደነገረን በማነቆ ነው የሚያልፈው። ሰው እየጨመርን ባቡር ካልጨመርን ማን ተጠቀመ?

የሌሊት ፈረቃ፦
እህቴ፣ ይሄን የሚለው ሰው ሁሉ እኮ አንድ ጊዜ አዲስ ገቢ ነበር። እኛ ስንገባ ሜዳው ይገንባበት፣ እነሱ ሲመጡ ሜዳው ይከበር ልንል ነው? መንግሥት በ2024 መጨረሻ ግሬይ ቤልት የሚል ነገር አምጥቷል። ግሪን ቤልት ውስጥ ሆኖ አንዴ የተገነባበት፣ ወይም ለዋናው ዓላማ ብዙ የማይጠቅም መሬት ቤት ይሠራበት ነው። የፈረሰ ጋራዥ፣ የተተወ የመኪና ማቆሚያ። ይሄን እንኳ መቃወም ምን ይባላል?

የኬንት እናት፦
ጋራዡን ማንም አይቃወምም። እኛ መንደር የመጣው ግን ባለ አራትና ባለ አምስት መኝታ ቤት ነው። የተገነባው ለሀብታም ነው። የመንደሩ ተወላጅ ወጣት እንኳ አልቻለውም። ለሃርሎዋ እህት አንድ ክፍል አልወጣላትም።

ሐዲድ፦
ማነቆው የዌልዊን ነው እንጂ የሁሉም መስመር አይደለም። ለንደንን አቋርጦ የሚያልፈው የኤልሳቤጥ ባቡር መስመር በ2022 ሲከፈት ምዕራቡ እስከ ሬዲንግ፣ ምሥራቁ እስከ ሼንፊልድ ብዙ ሰው እንዲጭን ተደርጎ ነው። ቤት የሚሠራው አቅም ያለው መስመር ላይ ይሁን። ትንሽ ጣቢያ ሁሉ አንድ አይደለም።

የስቲቭኔጅ ነዋሪ፦
የኬንቷ ልጄ የተናገረችው ትክክል ነው። ጣቢያ አጠገብ ይሠራ ስል ለማን የሚለው ይቀድማል። ስንቱ የካውንስል ኪራይ ይሆናል? ሐኪም ቤቱ መቼ ይከፈታል? ይሄን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የፕላን ማመልከቻ ሲገባ ካውንስሉ ቢያንስ 21 ቀን አስተያየት ይቀበላል። በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው፤ ዜግነትም አይጠይቅም። እኔ አስተያየቶቹን እየገባሁ አነባለሁ። አብዛኛው የሚጽፈው ቤት ያለው ሰው ነው፤ አይሠራ ይላል። ቤት የሌለው አይጽፍም። እናንተ ጻፉ።

ሰላም ፈላጊ፦
እጽፋለሁ ጋሼ። ግን ሜዳው ሳይነካ መጀመሪያ የከተሞቹ መሀል ላይ ይሠራ ብዬ ነው የምጽፈው። የካውንስል ኪራይ ይብዛ በሚለው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ እሱንም እዚያው እጨምራለሁ።