ኪንግስተን ለሥራ የሄደ ሰው አለ? ምን ይጠብቀኛል?

የሂርማታው
ጀማው ሰላም ነው? እኔ ጅማ ቡና ቅምሻ ላይ ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ጃማይካ ሊልከኝ ነው፣ ኪንግስተን። ከአገር የወጣሁት ናይሮቢ ድረስ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ግማሹ ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ያሳየኛል፣ ግማሹ ተኩስና ዘረፋ ያወራል። የቱን ልመን? ሄዶ ያየ ሰው ገና ሲደርስ ምን እንደታየው ይንገረኝ። ደሞ ስለ ጃንሆይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እኛ ቤት ሽማግሌዎቹ ስማቸው ሲነሳ የሚሉት ሌላ ነው፣ ታውቁታላችሁ። የሐላል ነገርስ?

አጂፕ ሰፈር
ወንድሜ እኔ ለስብሰባ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ዓይንህን የሚይዘው የኤርፖርቱ መንገድ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ፓሊሳዶስ የሚባል ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነው፤ ወደ ከተማ ስትሄድ በአንድ በኩል ካሪቢያን ባሕር፣ በሌላው በኩል ወደቡ፣ መሀል አንተና ታክሲው። ከውሃው ማዶ ከተማው ተዘርግቶ ታየዋለህ፣ ከጀርባው ብሉ ማውንቴን ቀጥ ብሎ ቆሟል። አፌን ከፍቼ ሳይ ትንሽ ቆይቶ የሲሚንቶ ፋብሪካ መጣ፣ አቧራ ነው፣ ከባድ መኪና ነው፣ በቃ ሥራ ላይ ያለ ከተማ መግባትህን ታውቃለህ።

ያ የፎቶው ነጭ አሸዋ ኪንግስተን የለም። እሱን የምታገኘው ሞንቴጎ ቤይና ነግሪል ነው፣ በወዲያኛው የደሴቱ ጫፍ። ኪንግስተን ቢሮ፣ ወደብ፣ ገበያ፣ ትራፊክ ነች። ሙቀቱ ደሞ! እኛ ከ1,700 ሜትር በላይ ኖረን ባሕር ወለል ላይ ስንወርድ ሸሚዝ ከጀርባ ላይ አይለቅም። ዝናብ ይኖራል ብለህ ጃኬት አትሸከም፤ ተራራው አብዛኛውን ዝናብ በሰሜን በኩል ያስቀረዋል፣ ከተማው ደረቅ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ግን የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ቀኑን ተመልከት።

የጃንሆይ ነገር። የሆቴሉ ጥበቃ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው ነው፣ ፀጉሩን በትልቅ ሹራብ ቆብ ጠቅልሎታል። ባጄ ላይ ኢትዮጵያ የሚለውን አነበበ። ዝም አለ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ፣ እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፍቶኝ ጎንበስ አልኩ፣ ከኋላችን ሻንጣ የያዘ ሰው ይጠብቃል። በኋላ ወንበር ስቦ አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ጃንሆይ ሲመጡ ልጅ ነበር፣ እናቱ ይዛው ኤርፖርት ሄዳለች። ሲዘንብ ቆይቶ አውሮፕላኑ ብቅ ሲል አባራ አለኝ። ሕዝቡ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሡ ለመውረድ ተቸግረው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ሞርቲሞ ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ነው መንገድ ያስከፈተላቸው። ይሄ በመጽሐፍም ያለ ታሪክ ነው።

ምን ልበል ላልከው፦ ስማ ብቻ። እነሱ የሚያወሩት ስለ እምነታቸው ነው፣ የኛን የፖለቲካ ክርክር ይዘህ አትግባበት። የአባ ጅፋርን ጉዳይ ለቤታችን ጨዋታ እናቆየው 😄

ሰዓዳ ከኮቺ
አጂፕ ሰፈር ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ልጁ ሁሉም ራስታ ነው ብሎ እንዳይሄድ። እኔ የሥራ ባልደረቦቼ ውስጥ አንድም ራስታ አልነበረም። የአገሩ ሰው አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፣ እሁድ ጠዋት ሴቶቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ሲወጡ ብታይ ሠርግ ያለ ይመስልሃል። ኢትዮጵያ ስትላቸው አንዳንዱ ያቅፍሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ኦኬ» ብሎ ፎርም ያስሞላሃል።

ፀጥታውን በተመለከተ፣ ወንጀል አለ፣ መዋሸት አያስፈልግም። ግን ከተማው ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚያሳድሩህ ኒው ኪንግስተን ከሆነ ሆቴልና ባንክ ያለበት ሰፈር ነው፣ ቀን ላይ ኢማንሲፔሽን ፓርክ ድረስ በእግርህ ሂድ። ዳውንታውን ኮሮኔሽን ማርኬትን ማየት ከፈለግክ የአገሩን ሰው ይዘህ፣ በጠዋት። ማታ ሆቴሉ የሚጠራልህን ታክሲ ብቻ ተጠቀም። ፈቃድ ያለው ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው። ሃፍ ዌይ ትሪ ሰዓት ማማው አጠገብ የሚጠሩት የጋራ ታክሲዎች ርካሽ ናቸው፣ ግን አንተን አራተኛ አድርገው ጭነው ሲከንፉ ሶላት በልብህ ትሰግዳለህ።

ሐላል ላልከው፣ ካምፕ ሮድ ላይ መስጊድ አለ፣ እዚያ ጠይቅ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። የመንገድ ዳር ጀርክ ዶሮ (በቅመም ታሽቶ ፍም ላይ የሚጠበስ) ሽታው ይጠራሃል፣ ግን ብዙ ጊዜ አሳማውም እዚያው ፍም ላይ ነው የሚጠበሰው። ዓሣ ይሻልሃል። ራስታዎቹ ኢታል የሚሉትን ምግብ የሚሸጡበት ቤት ካገኘህ ሥጋ የሚባል አይገባበትም፣ የጾም ምግብ በለው፣ ጨው ግን የለውም ወይም ለስም ያህል ነው። ብሔራዊ ምግባቸው አኪ ከደረቅ ዓሣ ጋር ነው፤ አኪው ሲታይ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ሳይበስል መርዝ ስለሆነ ዛፉ ላይ ራሱ እስኪከፈት ይጠብቁታል፣ ስለዚህ ከሚታወቅ ቤት ብላ። ዴቨን ሃውስ ሄደህ አይስክሬም ሳትበላ እንዳትመለስ። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1881 ያሠራው ጆርጅ ስቲቤል የአገሩ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር ነው፣ አስጎብኚዎቹ በኩራት ነው የሚያወሩት።

ጋሽ ቀማሽ
ልጄ፣ አንተ ቀማሽ ነህና እኔ ስለ ቡናው ብቻ ልንገርህ። ብሉ ማውንቴን የሚባለው ቡና የሚበቅለው ከ900 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ጅማ ከተማ ራሷ ከዚያ በላይ ናት! ዝርያው በአብዛኛው ቲፒካ ነው። ወደ ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ከማርቲኒክ ደሴት ነው፣ አያቱ ግን ከኛ ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል የዞረ ነው። ስለዚህ ጽዋው ላይ ሲኩራሩብህ አትደንግጥ። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ቡና ነው፣ የይርጋጨፌን የአበባ ሽታ ግን አትፈልግበት።

ልብ ብለህ የምታየው አያያዙን ነው። እኛ 60 ኪሎ በጆንያ እንልካለን፣ እነሱ 70 ኪሎ በእንጨት በርሜል። አንዷን ፍሬ እንደ ዕንቁ ነው የሚለቅሟት፣ ስሙም በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ከተወሰነው አካባቢ ውጭ የበቀለ ብሉ ማውንቴን ተብሎ አይሸጥም። ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ሲገዛ የኖረው ጃፓን ነው። ጅማ 5 (አምስተኛ ደረጃ) እያልን በርካሽ የምንሸጠው ሰዎች እዚያ ሄደን መጠየቅ ያለብን ስለ ጣዕሙ አይደለም፣ ስለዚህ ስም አጠባበቅ ነው። ደብተር ያዝ።

ከተማው ውስጥ ግን ቡና በየበሩ ተቆልቶ አታገኝም። የምታድርበት ቤት ቁርስ ላይ ፈጣን ቡና ቢያቀርብልህ ፊትህን አታጥቁር፣ ትንሽ የራስህን የተቆላ ቡና ያዝ።

የሂርማታው
ገለቶማ! በጣም ነው ያገዛችሁኝ። ጋሼ፣ የበርሜሉን ነገር አላውቅም ነበር፣ አለቃዬን አሁኑኑ ነው የምነግረው። መንገዱን በአሜሪካ በኩል ሊያደርጉልኝ ይመስላል፣ ችግር አለው?

አጂፕ ሰፈር
በአሜሪካ ከሆነ ከኤርፖርቱ ባትወጣም የትራንዚት ቪዛ ያስፈልግሃል፣ ዛሬውኑ ለቢሮው ንገር፣ ቀጠሮው ይዘገያል። የቢጫ ወባ ካርድህንም በእጅህ ያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። መሰኪያቸው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ 110 ቮልት፣ ስለዚህ የኛ መሰኪያ አይገባም፣ ማስተካከያውን ከአዲስ አበባ ገዝተህ ሂድ። የቡና መፍጫ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ የእጁን ያዝ፣ 220 የለመደው እዚያ አይዞርልህም።