ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሐዋሳ ላይ የት ነው የሚገናኙት?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ሰዎች። አባቴ ዘንድሮ 60 ሞልቶት ጡረታ ወጣ። አንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበር፣ ስሙን ልለፈው። አሁንም ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፣ ጫማውን ይቦርሻል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ከዚያ ሳሎን ቁጭ። ባለፈው ሳምንት የድሮ ባልደረቦቹን ሊጠይቅ ሄዶ በር ላይ ጥበቃው «አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለው። መታወቂያውን ክሊራንስ ሲጨርስ አስረክቧል፣ ጥበቃውም አዲስ ነው፣ አልፈርድበትም። አባቴ ግን «ማንንም» ብሎ በባጃጅ ተመለሰ። ይሄንንም የነገረችኝ እናቴ ናት። ጡረተኛ መምህራንና ሠራተኞች የሚሰባሰቡበት ነገር አለ? ከሌለስ እንዴት ይጀመራል? እድር አትበሉኝ፣ አለን፤ እድር የሚጠራው ሰው ሲሞት ነው።

ቆሮሶ ወዳጅ፦
እኛ 5 ሆነን ጀመርን። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የአሳ ሾርባ እንጠጣለን፣ በቃ። ስምም የለውም። ሁለት ወር ያህል ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ወሬው ሁሉ ስኳርና ደም ግፊት ሆነና እዚያ የሚውሉት አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳ የሰለቹን መሰለኝ። ያዳነን ሥራ ነው። አንዱ የሒሳብ መምህር የሰፈሩን የ12ኛ ክፍል ልጆች ማስጠናት ጀመረ፣ እኛም ተከተልን። አባትህ ደግሞ ቴክኒሻን ናቸው፣ የተበላሸ ማይክሮስኮፕ የሚጠግን ሰው እኮ በሻማ ነው የሚፈለገው። እኛ የምናስጠናበት ትምህርት ቤት ብቻ 3 አለ፣ አቧራ ለብሶ።

የሬጅስትራሯ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ማንን እንደምትጠራ አስብ። እኔ የግብርና ኮሌጅ ሰው ነኝ። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲከፈት ለብቻው ነበር፣ በ1992 ዓ.ም. ነው ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተቀላቅሎ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ከዚያም በኋላ ነው። ስለዚህ የግብርናው ሰው የዋናውን ግቢ ሰው ላያውቀው ይችላል። ሌላው፣ የመምህራን ብቻ እንዳታደርጉት። «ዶክተር፣ ዶክተር» ሲባባሉ የጽዳት ሠራተኛ የነበረችው ጥግ ይዛ ትቀራለች። እኛ ጋ አንዷ ባሏ ሲሞትባት የጡረታ አበሉ ግማሽ ለሚስት እንደሚገባ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን ይዞ አብሯት የተንከራተተው ማን መሰለህ? የድሮው የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ። ፕሮፌሰሮቹማ የሐዘን ንግግር አደረጉ።

ሕግ ነካ ነካ፦
ፈቃድ ምናምን ብላችሁ አትጨናነቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰሎቻቸውን አይመለከትም። በማኅበር ስም ገንዘብ ከውጭ ልታሰባስቡ፣ ፕሮጀክት ልትቀርፁ ካሰባችሁ ያኔ ምዝገባ ይመጣል። ለሾርባና ለማስጠናት ስልክ መደዋወል ይበቃል።

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ ሬጅስትራር በተለይ። የማይክሮስኮፖቹን ነገር ነገርኩት። «ሌንሱ ነው ወይስ መብራቱ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ካቻቢቴዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?

ቆሮሶ ወዳጅ፦
1 ሰዓት ተኩል። ካቻቢቴውን ይዘው ይምጡ፣ ሾርባው በእኛ ነው።