ጥቆማ፦ የድሮ የብረት መጫወቻ መኪና መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው

አዲስ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየትኛው ልጀምር?» ብሎ ነው። የእኔ መልስ አጭር ናት። ሌስኒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከሠራቸው ማችቦክስ ከሚባሉ ትንንሽ መኪኖች ጀምሩ። ከ1953 እስከ 1969 የተሠሩትን ፈልጉ። ሳጥን ባይኖራቸው ግድ የለም። ልጅ ተጫውቶባቸው ትንሽ ቢፋቁም ግድ የለም። ዋናው ነገር ማንም አለማደሱ ነው። የተፎካካሪው የዲንኪ መኪና ወዳጆች በዚህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ይቆጡ። ምክንያቴን ከሌሎቹ ጋር እያወዳደርኩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌስኒን ለንደን ላይ በ1947 ያቋቋሙት ሌስሊ ስሚዝ እና ሮድኒ ስሚዝ ናቸው። የቤተሰብ ስማቸው አንድ ቢሆንም አይዛመዱም። ቆየት ብሎ ጃክ ኦዴል የሚባል እጀ ብልህ ሞልድ (የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ) ሠሪ ተቀላቀላቸው። የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት ይዛ እንድትሄድ የሚፈቀድላት ክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚገባ መጫወቻ ብቻ ነበር ይባላል። አባትየው ከናስ አንዲት ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሮሎ ሠራላት። በ1953 ማችቦክስ፣ ማለትም «ክብሪት ቀፎ»፣ ገበያ ላይ ዋለ።

ለጀማሪ የምመርጠው ግን ለታሪኩ ብዬ አይደለም። ተከታታዩ ከ1 እስከ 75 ቁጥር አለው። አንዱ መኪና ከምርት ሲወጣ ሌላው ቁጥሩን ይወርሳል። ስለዚህ ተከታታዩ 75 ከሞላ በኋላ ያለ አንድ ዓመት መርጣችሁ የዚያን ዓመት 75 መኪኖች ማሟላት ትችላላችሁ። መጨረሻ ያለው ስብስብ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰላቸው የሚሰበስበው ነገር ማለቂያ ሲያጣ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ዕድሜያቸውን ጎማቸው መናገሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጎማቸው ብረት ነው። ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ። ከዚያ ጥቁር ፕላስቲክ። በ1969 ደግሞ ሱፐርፋስት የተባለው ቀጭን ዘንግ ያለው ፈጣን ጎማ ገባ። አንድ ዓይነት መኪና በግራጫ ጎማ ብርቅ፣ በጥቁር ጎማ ተራ ሊሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም አለ። ጎማ ማንበብ የለመደ ሰው ከተደባለቀ ክምር ውስጥ ሌላው ያለፈውን ያነሳል። የዚህ ስብስብ ደስታ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ጉድለትም አለው። ማችቦክስ ስኬሉ (ከእውነተኛው መኪና ስንት እጅ እንዳነሰ) አንድ አይደለም። ሁሉም ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ስለተሠራ አውቶቡሱና ትራክተሩ ሊተካከሉ ምንም አይቀራቸው። ይህ ዓይኑን የሚረብሸው ሰው 1/43 አካባቢ ወደሚሠሩት ትልልቆቹ ይሂድ። ስኬል ላይ ችኮ የሆነ ሰው ደግሞ ትራያንግ የተባለው ኩባንያ ከ1959 ጀምሮ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ያመረታቸውን ስፖት ኦን የሚባሉ መኪኖች ይፈልግ። 1/42ን ጠብቀው ነው የሠሩት። ያው፣ እንደ ልብ አይገኝም።

ወደ ዲንኪ እንምጣ። ዲንኪ የሊቨርፑሉ የፍራንክ ሆርንቢ ኩባንያ የሜካኖ ልጅ ነው። በዚህ ስም መሸጥ የጀመረው በ1934 ሲሆን፣ የቢንስ ሮዱ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ። ፓሪስ አጠገብ ቦቢኒ ውስጥ የተሠሩት የፈረንሳይ ዲንኪዎች ለብቻቸው ወዳጅ አላቸው። እኔም ለአሠራራቸው ከእንግሊዞቹ አስበልጣቸዋለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ዲንኪ ጥሩ ምርጫ ነው። ከጦርነቱ በፊት የተሠራውን ግን ለጀማሪ በፍጹም አልመክርም። ምክንያቱ ብረቱ ነው።

እነዚህ መኪኖች የሚቀልጡት ከዚንክ ቅይጥ ነው። ዚንኩ ላይ አሉሚኒየም፣ ትንሽ ማግኒዥየም፣ አንዳንዴም መዳብ ይጨመራል። ቅይጡ ንጹሕ ከሆነ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ጥቂት እርሳስ ከገባበት ግን ብረቱ ከውስጥ ጀምሮ ይበላል። ሰብሳቢዎች ዚንክ ፔስት ይሉታል። መኪናው ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በመጨረሻ እጅ ላይ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ቀለም መቀባትም ሆነ ማጣበቂያ ማፍሰስ አያድነውም። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ከመኪና ወደ መኪና ይተላለፋል የሚባለው ግን ውሸት ነው። ከታመመው አጠገብ የቆመው ጤነኛ መኪና ምንም አይሆንም።

ስለዚህ ከ1930ዎቹ የሆነ መኪና ስትገዙ የጎን ፎቶ ጠይቁ። ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ቅስት ተለጥጧል? ጣሪያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አለ? ቸርኬው አብጦ ጎማውን ገፍቶታል? ሻጩ «የዕድሜ ምልክት ነው» ካላችሁ ተሰናበቱት።

ኮርጊን የምመክረው መክፈት መዝጋት ለሚወድ ሰው ነው። ኮርጊን ሜቶይ የተባለው ኩባንያ በ1956 ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ላይ ነው የጀመረው። ያኔ ዲንኪዎቹ ባዶ መስኮት ነበራቸው፤ ኮርጊ ግልጽ ፕላስቲክ መስታወት አድርጎ መጣና ገበያውን ረበሸ። ቀስ በቀስ የሚከፈት ኮፈን፣ የሚከፈት በር፣ ስፕሪንግ ሁሉ ጨመረ። ታዋቂው በ1965 የወጣው ቁጥር 261 ወርቃማው የጄምስ ቦንድ አስቶን ማርቲን ነው። ጣሪያው ይከፈትና መቀመጫው ሰውዬውን ያስፈነጥራል። ችግሩም እሱው ነው። የተፈናጠረው ሰውዬ ሶፋ ሥር ገብቶ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ኮርጊ ስትገዙ መጀመሪያ የሚጎድለውን ቁጠሩ። ሰውዬው፣ ሚሳይሉ፣ የሚነቀለው መለዋወጫ ሁሉ መኖሩን አረጋግጡ። አሁን የተሠራ ምትክ ዕቃ እንደ ልብ ስለሚሸጥ «ሙሉ ነው» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን በቂ አይደለም። «ሁሉም ኦሪጅናል ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሆት ዊልስ የአሜሪካው ማቴል ሥራ ነው። በ1968 በ16 ሞዴሎች ጀመረ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ከመቅዳት ይልቅ የሚበር የሚመስል ነገር ሠሩ። ቀጭን ዘንግ፣ የማይሰነክል ጎማ፣ በተወለወለ ብረት ላይ የተቀባ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም። ማችቦክስን ወደ ሱፐርፋስት የገፋው ይህ ውድድር ነው። ጎማቸው ላይ ቀይ ቀለበት ያላቸውን ሰብሳቢዎች ሬድላይን ይሏቸዋል፤ እስከ 1977 ድረስ ነው የቆዩት። ውበታቸው አይካድም። ለጀማሪ ግን ከባድ ናቸው። ያ ቀለም ከተፋቀ ወይም ከሥሩ ያለው ብረት ከጠቆረ ማሳመር አይቻልም፤ የሚሸጠውም ብዙ እንደገና የተቀባ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሥር የተጻፈው ዓመት ሞልዱ የተመዘገበበት እንጂ መኪናው የተመረተበት አይደለም። ሥሩ ላይ 1969 የሚል መኪና ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ተራ ዕቃ በጥንት ዕቃ ሒሳብ ይገዛል።

የቀሩትን በአጭሩ። የጃፓን መኪና የሚወድ ቶሚካን ይያዝ። በ1970 በ6 ሞዴሎች የጀመረ ነው፤ ከሥሩ ጃፓን የሚል ያለባቸው ናቸው የሚፈለጉት። የጀርመኑ ሲኩና የፈረንሳዩ ማጆሬት ጠንካሮች ናቸው፤ ፈላጊያቸው ስለሚያንስ አቅም ለሌለው ሰው ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

የት ይገዛ? እንደ ኢቤይ ያለ አጠቃላይ የኢንተርኔት ገበያ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ጥበቃው ግን በእናንተ ጫንቃ ላይ ነው። ዋጋ ለማወቅ ሻጮች የጠየቁትን አትዩ። መጠየቅ ማንም ይጠይቃል። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጠቀሙ። እንግሊዝ አገር እንዳለው ቬክቲስ ያሉ በመጫወቻ ላይ ብቻ የሚሠሩ አጫራቾች ደግሞ ዕቃውን ራሳቸው አይተው የመኪናውንም የሳጥኑንም ደረጃ ይጽፋሉ። ብርቅ ዲንኪ ወይም ሬድላይን የሚገዛ ሰው ከእነሱ ቢገዛ ይሻለዋል። ከጨረታው ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን እንደሚታከልበት ግን ቀድማችሁ አስሉ፤ ብዙ ሰው ካሸነፈ በኋላ ነው የሚደነግጠው። ለማችቦክስ ግን የሰብሳቢዎች ባዛርን የሚያህል የለም። እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ታገላብጣላችሁ፣ ጎማ ታያላችሁ፣ ትከራከራላችሁ።

ስታገላብጡ መጀመሪያ ሥሩን እዩ። ሻንሲውን ከቦዲው ጋር የያዘው ሪቬት ጭንቅላቱ ሙሉና ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት። በትሬፓን ተበስቶ ብሎን ከገባበት ተፈቷል ማለት ነው። የተፈታ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተቀብቷል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለም ካለ፣ የበሩ መስመር በወፍራም ቀለም ከተደፈነ፣ የተፋቀው ቦታ ሌላ ቀለም ካሳየ ነገሩ ግልጽ ነው። የታደሰ መኪና መግዛት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ «ኦሪጅናል» ብሎ መሸጡ ነው። በግል የታደሰ ወይም የተቀየረ መኪናን ሰብሳቢዎች ኮድ 3 ይሉታል፤ ሐቀኛ ሻጭ ይህን ራሱ ይናገራል።

ሳጥን ላይ ያለኝ አቋም ይታወቃል፤ ለጀማሪ አያስፈልግም። አንዳንዴ ሳጥኑ ከመኪናው ይበልጥ ይወደዳል፤ ተመሳስሎ የሚታተመውም ለዚህ ነው። የግድ ካላችሁ አጉሊ መነጽር ያዙ። የአሁን ፕሪንተር ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ይተዋል። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሩበትም ብዙ የአሁን ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይፈካል።

ማስቀመጫን በተመለከተ በር ያለው የመስታወት መደርደሪያ እመክራለሁ። ጥሬ እንጨትና ቺፑድ የሚተፉት አሲድ ያለበት ትነት ዚንክ ላይ ክፉ ነው። ርካሽ ፕላስቲክ መደርደሪያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አንዳንድ የድሮ ለስላሳ ጎማ ለዓመታት ሲነካው ያቀልጠዋል። ፀሐይ በቀጥታ አያግኛቸው፤ ቀይ ቀለም ቶሎ ይገረጣል። ለማጠብ ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና እና ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። ተለጣፊ ጽሑፍ ያለበትን መኪና ግን ውኃ አታስነኩት። ፓራውልት ለማብረቅ ብላችሁም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ፤ ቀጭኗን የብር ቀለም ይዞት ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ሕፃን ያለ እንደሆነ መደርደሪያው የሚቆለፍ ይሁን። የድሮዎቹ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ለእሱ አዲስ ግዙለት።