ገበሬውን እንጠይቅ ወይስ አፈሩን?

ቆጣሪው፦ ስለ አፈርና መሬት አያያዝ ለገበሬው መጠይቅ ማስሞላት ይጠቅማል ወይስ አፈሩን ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል? ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት የዞርኩ ሰው ነኝ፤ እኔ ራሴ ተጠራጥሬያለሁ።

ላቦራቶሪው፦ አፈር አይዋሽማ! ድሮ ለሁሉም ማሳ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ ማዳበሪያ ነበር ምክሩ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የአፈር ካርታ ሲሠራ ነው ሰብል የሚፈልጋቸው የድኝና የቦሮን ንጥረ ነገሮች እጥረት የታየው። የትኛው ገበሬ ነው "ቦሮን አነሰኝ" የሚልህ?

ባለ ዋልካው፦ ወንድሜ፣ አፈሩ የጎደለውን ይነግርሃል። ለምን እንደጎደለ የሚነግርህ ባለቤቱ ነው። አባቴ መሬቱ ኮምጣጣ መሆኑን ገብሱ እንቢ ሲለው ያውቃል። ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰውን ኖራ ለምን አልጨመርክም በለው እስቲ። ለአንድ ሄክታር ስንትና ስንት ኩንታል ነው፤ ከመንገድ እስከ ማሳ በአህያ ማን ያመላልሰው? አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ደግሞ ሂድ። ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰል አክስለው፣ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ይሄ በአፈር ናሙና ይገኛል?

የእማማ ልጅ፦ አባወራውን ብቻ ነው ደግሞ የምትጠይቁት። ፍግ ማሳ ላይ ይበተን ወይስ ኩበት ይሁን የሚለውን እናቴ ናት የምትወስነው። ማገዶ ከሌለ ምን ታድርግ?

ቆጣሪው፦ እውነት ነው፣ ቅጹ ላይ እሷ የለችም። አንድ አባት ደግሞ ልንገራችሁ። "እርከንዎ ደህና ነው?" አልኳቸው። "ደህና ነው" አሉ። የቀበሌው ሰው አጠገባችን ቆሟል። እሱ ሲሄድ ቡና መጣ። "አይጥ ሰፈረበት፤ በሬም መዞሪያ አጣ። ግማሹን አፍርሼዋለሁ" አሉኝ። ታብሌቱ ግን "ደህና" ብሎ ልኮታል።

ላቦራቶሪው፦ ታዲያ ውሸት መሰብሰብ ምን ይረባል?

ሕግ አዋቂው፦ ምን ይበሉ ታዲያ? አዋጅ 456/1997 መሬቱ የተጎዳበት ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ያጣል ይል ነበር። "አፈሬ ታጥቧል" ማለት በገዛ እጅ ፊርማ ማኖር ነው።

ባለ ዋልካው፦ አየህ? ጥያቄውም ራሱ ችግር አለበት። "ስንት ሄክታር?" ይላል። ጎጃም ሰው በቃዳ ነው የሚቆጥረው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር። እዛው በልብ ማባዛትና ማካፈል፣ ከዛ "ገበሬው አሳሳተን"።

ላቦራቶሪው፦ ለዚህ እንኳ ማሳውን በጂፒኤስ መለካት አለ። ስለ እርከኑ ግን እሺ፣ ረታችሁኝ።

ቆጣሪው፦ ሰኞ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቡናው፣ ከዛ ታብሌቱ። የቀበሌውን ሰው እንዴት "እዚህ ይጠብቁን" እንደምለው ብቻ ምከሩኝ።