አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ቋንቋ፦ አምልኮው ይከፈል ወይስ አይከፈል?

የከዚራው ጸሐፊ፦
ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነገሩ በየጥጉ ሲወራ ከርሟል፤ በር ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ ሳይቀር። ስለዚህ እዚሁ በግልጽ እንነጋገርበት። የድሬዳዋዋ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ለምዕመኑ ያቀረበው ሐሳብ ይኼ ነው፦ እስካሁን እሁድ ከ2 እስከ 5 ሰዓት በአማርኛ እየተሰበከ በአፋን ኦሮሞ ሲተረጎም የቆየው አምልኮ ለሁለት ይከፈል። አማርኛው ከ1፡30 እስከ 3፡30፣ አፋን ኦሮሞው ከ4 እስከ 6 ሰዓት። ሽማግሌዎቹ፣ ዲያቆናቱ፣ የአስራቱ ሣጥን አንድ እንደሆኑ ይቀጥላሉ። የፊታችን እሁድ ድምፅ ይሰጣል።

እኔ የጉባኤው ጸሐፊ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ግን እንደ አንድ አባል ነው፤ አቋሜንም አልደብቅም። መከፈሉን እደግፋለሁ። የሚያስፈራኝ ተኮራርፈን እንዳንከፈል ነው። ባለፈው እሁድ ሁለት እኅቶች ሰላም ሳይባባሉ ሲተላለፉ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የገንደ ቆሬ እናት፦
እኔ አልስማማም። ገና ስሰማው ሆዴ ባባ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከአንዲት እኅት ጋር 30 ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የሷ አማርኛ ስብርብር ነው፣ የኔም ኦሮምኛ እንደዚያው። መዝሙር ሲዘመር እሷ በሷ እኔ በኔ ቋንቋ፣ ዜማው አንድ። ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም። ባሌ ያረፈ ጊዜ ሦስት ሌሊት ቤቴ ያደረችው እሷ ናት። አሁን እኔ ስወጣ እሷ ስትገባ በር ላይ ልንተላለፍ ነው? ዛሬ ሰዓት ይለያል፣ ነገ ሽማግሌ ይለያል፣ ከነገ ወዲያ እድሩ ይለያል። በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ስንቱን ጠርጎ ሲወስድ ግቢው ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ያደርነው በቋንቋ ተከፋፍለን ነው እንዴ? ድሬ እንዲህ አይደለችም። ከፊራ ገበያ ገብተህ በአማርኛ ጀምረህ፣ በሶማልኛ ዋጋ ተከራክረህ፣ በኦሮምኛ አመስግነህ ነው የምትወጣው።

የሳቢያኑ፦
እማማ፣ በጣም ነው የማከብርሽ። የድሬ ልጅ ነኝና አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝም። ጎርፉን ግን አታንሺብኝ። የኛ ሰው አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ጎርፉ ይነሳል። ያን ሌሊት እኔም ነበርኩ፤ ፍራሹን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ያ ፍቅር እውነት ነው። የእናቴ ጥያቄም እውነት ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ሊሠራ ከወለጋ ሲመጣ አብራው መጣች። ገበያ የሚያደርስ አማርኛ ታውቃለች። ስብከት ግን ሌላ ነው። ተርጓሚው ወንድማችን ጌታ ይባርከው፣ ይለፋል፤ ሲደክመው ግን ሦስቱን ዐረፍተ ነገር ባንድ ይጠቀልለዋል። ሰባኪው ሲያስቅ አዳራሹ ይስቃል፣ እሷ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ትስቃለች። አንዳንዴ ደግሞ ምን እንዳሳቃቸው ሳይደርሳት ይታለፋል። በዚህ ሁሉ ዓመት «እስቲ ተነሺና ጸልዪልን» ያላት ሰው የለም። ቤት ስትጸልይ ብትሰሟት! ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ የሷ ጸሎት ነው። ያን ጸሎት ጉባኤው አንድም ቀን አልሰማውም።

ቋንቋው ደግሞ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የለፋበት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ባቡሩ ድሬ ከመድረሱ 3 ዓመት በፊት ማለት ነው። የኛ የፕሬስቢቴሪያኖቹ ሥር የሆነው ቤቴል ቤተ ክርስቲያንም ደምቢ ዶሎ ላይ ያደገው በዚሁ ቋንቋ ነው። ጊዳዳ ሶለን ዓይነ ስውር ሆኖ እየዞረ ሲሰብክ ሰው ልብ የገባው በእናቱ ቋንቋ ስለነገረው ነው። ጳውሎስም በጉባኤ ከ10 ሺህ የማይገባ ቃል የሚገባ 5 ቃል ይሻለኛል ብሏል። እኔ የምጠይቀው ለእናቴ ያን 5 ቃል ነው።

የመዘምራኑ ልጅ፦
እኔ ከቋንቋው በፊት ቆርቆሮውን ላንሳ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት! በግንቦት! በድሬ ፀሐይ! ካሉን 4 ቬንትሌተሮች የሚዞሩት 2 ናቸው። አሁንም እኮ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ሁላችንም እናውቃታለን፤ በመዝሙር ደብተር የምናራግብባት ሰዓት ናት። ለዚያ ሰዓት የእሱን እናትና የእድሜ እኩዮቿን መመደብ ምን ማለት ነው? በክፋት የተደረገ ነው አልልም፣ ሽማግሌዎቻችንን አውቃቸዋለሁ። ግን ቀዝቃዛው ሰዓት ሳይጠየቅ ለአማርኛው ደረሰ። እንዴት እንደደረሰ ማንም ልብ ያላለው መሆኑ ነው እኔን የከነከነኝ።

ለቅቄ የወጣሁት፦
ከናንተ ጋር ባልሆንም ያደግኩባት ቤት ናትና ልናገር። ከ6 ዓመት በፊት በአምልኮው ሥርዓት ሳልስማማ ስቀር ወጣሁ። አልተጸጸትኩም። መለየት ሁልጊዜ ኃጢአት ነው የሚለውን ነገር ተዉት። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተው አንዱ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ፣ አንዱ ወደ ሶርያ ሄዱ፤ ወንጌል በሁለት አቅጣጫ ሰፋ። የራሳችሁን ታሪክ ተመልከቱ። የስኮትላንድ ፕሬስቢቴሪያኖች እ.ኤ.አ. በ1843 ሲከፈሉ ከ450 በላይ አገልጋዮች ደሞዛቸውንና ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል። ምዕመኑ ያልፈለገውን አገልጋይ ባለርስቱ እየጫነበት ነው የተቸገሩት። ሕጉ በ1874 ተሻረ። ባይወጡ ኖሮ ይሻር ነበር? ሰው የሚሰማው በር ሲዘጋ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም የራሳቸውን ጉባኤ ቢያቋቁሙ እኔ አልፈርድባቸውም።

የከዚራው ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ እንኳን መጣህ፤ ከልቤ ነው። ስትወጣ ቤትህ መጥቼ አለማነጋገሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስኮትላንዶቹን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተውካቸው። ሕጉ በ1874 ከተሻረ በኋላ፣ የጠቡ ምክንያት ከሞተ በኋላ፣ አብዛኞቹ መልሰው አንድ ለመሆን እስከ 1929 ፈጀባቸው። 55 ዓመት! ከጠቡ ይልቅ እልሁ ነው የቆየው። እኔ የምፈራው ይኼን ነው። በርናባስም ቢሆን፣ ጳውሎስ ኋላ ላይ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘህልኝ ና ይላል። ያኔ በርናባስ የት እንዳለ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ሁልጊዜ ሳነበው ያሳዝነኛል።

ደግሞ እኛ ሳንስማማ አብረን መኖር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። የተሐድሶ መሪዎቹ፣ የጀርመኑ ሉተርና የስዊሱ ዝዊንግሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1529 ማርቡርግ ላይ ተገናኝተው ከ15 ነጥብ በ14ቱ ተስማሙ፣ በጌታ እራት ላይ ሳይስማሙ ቀሩና ተለያዩ። አውሮፓ ውስጥ የሁለቱ ወገን ሰዎች በዚያች አንድ ነጥብ ምክንያት ለዘመናት በአብዛኛው አብረው አልቆረቡም። እዚህ አገር ግን ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ሲዋሐድ አንዱ ከፕሬስቢቴሪያን፣ አንዱ ከሉተራን ወገን ነበር፤ ማንም ማንንም አባትህን ካድ አላለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ ዛሬ የሁለቱም የዓለም ኅብረቶች አባል ናት። የጌታ እራትን ትምህርት ለያይተው አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ሰዎች ልጆች በሰዓት ድልድል ሊለያዩ አይገባም።

የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖችም እ.ኤ.አ. በ1788 ሥርዓታቸውን ሲያወጡ፣ መልካም ሰዎች በቅንነት የሚለያዩባቸው እውነቶችና ሥርዓቶች እንዳሉ፣ በነዚህ ላይ መቻቻል ግዴታ እንደሆነ ጽፈዋል። ግዴታ ነው ያሉት፤ ደስ ሲለን የምናደርገው ቸርነት አላሉትም።

ከሐረር፦
በወር ሁለት ጊዜ ለሥራ ድሬ ስወርድ አብሬያችሁ አመልካለሁ። እኛ ሐረር ጥቂት ስለሆንን መከፈል ብንፈልግ እንኳ የሚከፈል ሰው የለንም። ስለዚህ እንደ እንግዳ ተናግሬ ልለፍ።

የሐዋርያት ሥራ 6ን ደጋግማችሁ አንብቡት። የቋንቋ ጠብ ነው እኮ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተረሱ፣ ማጉረምረም ተነሳ። ሐዋርያቱ «ሁላችንም አንድ ነን» ብለው አላሰናበቷቸውም። ጉባኤውን ለሁለትም አልከፈሉትም። 7 ሰዎች አስመረጡ፣ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ስም ነው። ማዕዱን ለተረሳው ወገን ሰዎች አስረከቡ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከሽማግሌዎቻችሁ ስንቱ ናቸው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ? ፕሬስቢቴሪያን ማለት ራሱ ሽማግሌ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አስተዳደሩ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ቄሱም ብቻውን አይወስንም። እዚያ ወንበር ላይ የሌለ ሰው ሰዓቱ እንዴት እንደተደለደለ ከየት ያውቃል?

የከዚራው ጸሐፊ፦
ከ9 ሁለት።

የሳቢያኑ፦
አንድ። ሌላው ወንድማችን ጅቡቲ ለሥራ ከሄደ ዓመት አለፈው። የተተካ የለም።

የከዚራው ጸሐፊ፦
ልክ ነህ። ስሙ መዝገቡ ላይ ስላለ እኔም እየቆጠርኩት ነበር። ይቅርታ።

የገንደ ቆሬ እናት፦
ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳነብ ነበር፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። የሽማግሌዎቹን ቁጥር አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት እዚያ ተቀምጬ ቆጥሬ አላውቅም። ጠዋት ጎረቤቴ ጋ፣ ያቺ የነገርኳችሁ ጋ ቡና ልጠጣ ሄጄ ጠየቅኳት። አንቺስ ምን ትያለሽ አልኳት። ዝም አለች። ጀበናውን አስቀመጠችና «ስብከቱን ብሰማው ደስ ይለኛል» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

የሳቢያኑ ልጄ፣ ስለዚህ የጠዋቱን ሰዓት ውሰዱ። ከ4 እስከ 6 እኛ እንገባለን፤ ሙቀቱ ለኔም ለእናትህም አንድ ነው። የጎደለው ሽማግሌም ከእናንተ ይመረጥ፣ አንድ ብቻም አይደለም። ይኼን እሁድ ቆሜ እናገራለሁ። መከፈሉን ግን አሁንም አልቀበልም። ልቤ እሺ አላለኝም፣ ልዋሽህም አልችልም። እጄን የማወጣው «አይከፈል» ላይ ነው።

የሳቢያኑ፦
እማማ፣ ሰዓቱን ስለሰጠሽን እናቴ አንብቤላት አለቀሰች። እኔም «ይከፈል» ላይ ነው እጄን የማወጣው። ግን ሐሳብሽን ሰምቼ አንድ ነገር ልጨምር። ካለፈ፣ በወር አንድ እሁድ፣ የጌታ እራት በምንወስድበት ቀን፣ አንድ ላይ እንሁን። በዚያ ቀን ስብከቱ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ትርጉሙ በአማርኛ። በወር አንድ ቀን እናቴ ከሰው ቀድማ ትሳቅ።

የመዘምራኑ ልጅ፦
መዘምራኑ እንስማማለን። ሁለቱንም አምልኮ የምንዘምረው እኛ ስለሆንን የሁለቱ ቬንትሌተሮች ጉዳይ ግን ከእሁድ በፊት ይታሰብበት። ለማሠሪያው ከየኪሳችን እናዋጣለን።

ለቅቄ የወጣሁት፦
ድምፅ የለኝም። እሁድ ግን መጥቼ ከኋላ ብቀመጥ ቅር የሚለው አለ?

የገንደ ቆሬ እናት፦
ከኋላ ለምን? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦታ አለ።

ጸሐፊው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ይከፈል» ያለው ቢበልጥ፣ እኔ አልተስማማሁም ማለቴ ይጻፋል ወይ? ስሜ ይጻፍልኝ። ተቀይሜ አይደለም፣ የትም አልሄድም። አይቼበት ያልተስማማሁ መሆኔ እንዲታወቅ ነው።

የከዚራው ጸሐፊ፦
ይጻፋል፣ እማማ። በሥርዓታችን ያልተስማማ አባል ልዩነቱን ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር መብቱ ነው። ምክንያትሽንም በራስሽ ቃል እጽፈዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤትሽ እመጣለሁ፣ ትነግሪኛለሽ።

የገንደ ቆሬ እናት፦
9 ሰዓት ላይ ና። ጎረቤቴም ትኖራለች፤ የሷንም ትጽፋለህ።