ወንዙ መሬቴን እየበላው ነው፤ ድንጋይ ላስገልብጥ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመሬቴ ጥግ የሚያልፍ ወንዝ አለ፣ ባለፈው ክረምት ብቻ ሁለት እርምጃ ያህል ዳር ይዞ ሄደ። ቦታው መታጠፊያ ነው፣ የእኔ ደግሞ የውጪው ጎን። የሚገርመኝ ሙላቱ እያለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃው ሲጎድል ነው ገመስ ብሎ የሚወርደው። አንዱ የአጥር ምሰሶ ሥሩ ተበልቶ አሁን በሽቦው ተንጠልጥሎ አየር ላይ ይወዛወዛል። ጓደኛዬ "በመኪና ድንጋይ አስገልብጥና ተገላገል" ይለኛል። ግን ዓሣ አለ፣ ገደሉ ላይም ጉድጓድ ቆፍረው የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ፣ እነሱን ማፈናቀል አልፈልግም። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ሲጎድል የሚወድቀው ወዶ አይደለም። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ከፊት ደግፎ ይዞት ነበር፣ ቶሎ ሲወርድ ድጋፉ ይሄድና ክብደቱ ይቀራል። በዚያ ላይ የመታጠፊያው ውጪ ውሃው የሚፈጥንበት ስለሆነ ግርጌውን ይቦረቡረዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከላይ ችግኝ ደርድሬ በአንድ ክረምት ከነአፈሩ ወረደልኝ። መጀመሪያ ግርጌውን ያዝ።

መልስ 2፦
ድንጋይ አልጠላም፤ ዳሩን ከላይ እስከ ታች ማልበስን ነው የምጠላው። ውሃው የሚያዘገየው ነገር ሲያጣ ይፈጥናል፣ ጉልበቱን ታች ያለው ጎረቤትህ ላይ ያራግፋል። ግርጌው ላይ ብቻ፣ ከተለመደው የውሃ ከፍታ ትንሽ ከፍ እስኪል ደርድር፣ ከኋላው ጠጠር አልብስ፣ አለዚያ አፈሩ በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ለ1 ሜትር ቁመት 2 ሜትር ወደ ኋላ እየሄድክ ተዳፋት አድርገው። መሬት መስጠት ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን ካልሰጠኸው ራሱ ይወስደዋል። ወፎቹ ያሉበትን ክፍል ግን ቀጥ እንዳለ ተወው፣ ተዳፋት ላይ ጉድጓድ አይቆፍሩም።

ተዳፋቱ ላይ ከታች አኻያ፣ ከላይ ቬቲቨር የሚባለው ሣር። አኻያውን እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጠህ፣ ጫፉን ሳትገለብጥ፣ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ እስኪገባ ትከለው፣ ራሱ ሥር ያወጣል። ቬቲቨሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እያራራቅህ፣ ወንዙን ተከትለህ በረድፍ። ሥሩ 2 እና 3 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ጥላ ግን አይወድም፣ ዛፍ ሥር አትትከለው።

መልስ 3፦
ሁሉም ጥሩ፣ ግን ከብት የሚወርድበት ቦታ ነው? ከሆነ አንዱም አይበቅልም፣ መጀመሪያ አጥር። ቁፋሮውን ውሃው ዝቅ ባለበት፣ ዓሣው በማይራባበት ጊዜ አድርገው፤ ማሽኑም ከዳር ሆኖ ይሥራ እንጂ ወንዙ ውስጥ አይግባ። ፈቃድም ጠይቅ፣ ወንዝ የግል አይደለም።

ጠያቂ፦
ኧረ ከብቶቹ የሚወርዱት ልክ ምሰሶው የተንጠለጠለበት ጋ ነው! ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም። ነገ ጠዋት ውሃ ማጠጫውን ወደ ውስጠኛው ጎን አዞራለሁ፣ ግርጌውንም በእንጨት ለክቼ ጥልቀቱን እነግራችኋለሁ።